ከፊቴ ሆናችሁ አናግሩኝ

እንቅልፍ እምቢ አላት። ፀሐይዋ ባጠረው መጋረጃ ሥር ሾልካ እስከ አልጋው እግር ገብታለች፣ የፎቁ ሰው ወደየሥራው ወጥቶ ሕንፃው ጭር ብሏል፣ ሌሊቱን የሆቴል አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ ላደረች ሴት ከዚህ የተሻለ የመኝታ ሰዓት ከየት ይመጣል፤ እሷ ግን ትገላበጣለች፣ ብርድ ልብሱን ትገፍፈዋለች፣ መልሳ ትስበዋለች፣ እግሯ ይሞቃል፣ ይበርዳል። በቀኝ ጎኗ ተኛች። ቀኙ ደህናው ጆሮዋ ነው፤ ደህና ከተባለ። እሱን ትራሱ ውስጥ ቅብር ስታደርገው ዓለም ጫማውን አውልቆ በጣቱ እየረገጠ ይወጣል፤ ማቀዝቀዣው ማጓራቱን ይተዋል፣ ቧንቧው ማንጠባጠቡን ይረሳል፣ መንገዱም መኪናዎቹን ይዞ ይሄዳል። ያስደስታት ነበር እኮ ይሄ። ሰው ለእንቅልፍ ኪኒን ይውጣል፣ እኔ መገልበጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ ትል ነበር ለራሷ፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው ቀልዱንም የሚቀልድለት ራሱ ነውና። ዛሬ ግን ዝምታው ባዶ አይደለም፤ የሥራ አለቃዋ አፍ ተቀምጦበታል። ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ጣቱ ወደ ሰዓቱ ይጠቁማል። ከሥራ በፊት ቢሮ ነይ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት የያዘችው ይችኑ ብቻ ነው። ከሥራ በፊት ማለት ዛሬ አመሻሹ ላይ ነው። ሊያባርራት ነው፤ ሌላ ምን ሊላት ይጠራታል፣ ሊመርቃት ነው? ጉንጯን አንዳች ነገር ነዘራት። ከትራሱ ሥር ስልኩ ነው። አወጣችው፤ እናቷ ናት። አየችው፣ እጇ ውስጥ እንደ ተያዘ ጫጩት ሲንዘፈዘፍ አየችው፣ አላነሳችውም። ደክሞት ዝም አለ። እናቱ ስትደውል ስልክ የማያነሳ ሰው ምን ይባላል? ሰው አገር ሄዳ ልቧ አበጠ፣ እኛን ረሳችን፣ ይላሉ። ይበሉ። እውነቱን ከሚያውቁ ይሻላል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስትሰማ ያደገችው ተረት በእሷ ላይ ቃል በቃል ደረሰ። መጀመሪያ የሄደው የግራው ነው፤ ሲሄድም አልተሰናበታትም። ብርድ ነው አለች፣ ውኃ ገብቶበት ነው አለች፣ የማሽኑ ጩኸት ነው፣ ዓመት እረፍት ስወጣ ይመለሳል አለች። ማሽኖቹ ግድግዳ የሚያክሉ ናቸው፤ ሲሽከረከሩ ወለሉ በጫማ ውስጥ ገብቶ ጥርስን ያንቀጫቅጫል፤ እዚያ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም፣ ሁሉም በምልክትና በጩኸት ነው የሚግባባው፣ ስለዚህ የእሷ አለመስማት ከሁሉም አለመስማት ጋር ተቀላቅሎ ከረመ። ቋንቋውም ከለላ ሆናት። የሰው አገር ቋንቋ ነው፤ ሰው ሲናገራት ካልመለሰች አልገባትም ይላሉ፣ ደግነት የተሰማው ደግሞ በጣቱ ያሳያታል። አልገባኝም ማለት አያሳፍርም፤ አልሰማሁም ማለት ነው የሚያሳፍረው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ራሷን ትነቀንቃለች፣ ፈገግ ትላለች፣ አዎ ትላለች፤ አዎ የሚለው ቃል ስንቱን ጉድ ሸፍኖላታል። ከኋላዋ ሆነው ሲጠሯት ግን አትዞርም። ጠርተዋት ጠርተዋት ሳትዞር ስትቀር ጊዜ፣ ከማጠፊያው ጠረጴዛ አንዷ ንግሥት የሚል ስም አወጣችላት፤ በራሳቸው ቋንቋ ነው፣ ግን ሲስቁ አይታ ትርጉሙን ፈልጋ አገኘችው። ንግሥት! ጀርባዋን ሰጥታ የምትኖር ንግሥት። ተናደደች? መጀመሪያ ተናዳ ነበር። ኋላ ወደደችው። ደንቆሮ ከምባል ኩሩ ልባል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለች ልባል፤ ኩራት ቢያንስ የራስ ነው።

ትናንት ግን ኩራቱ ሊገድላት ነበር። ትናንት ሌሊት ነው፣ ወይስ ዛሬ ሌሊት፣ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ቀኑ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። እርጥብ አንሶላ በክንዷ ሙሉ ታቅፋ ከማጠቢያው ወደ ማድረቂያው እየሄደች ነው። ጋሪው ከኋላዋ ይመጣል። በኤሌክትሪክ የሚነዳው፣ በቆሻሻ ጨርቅ ተራራ የተሞላው ጋሪ፤ ነጂው ወጣት ሰውዬ ነው፣ ሁልጊዜ ማስቲካ ያኝካል፣ ከተራራው ጀርባ ሆኖ ሰው ስለማያይ ጥሩምባውን እየነፋ ነው የሚሄደው። ነፍቷል። ደጋግሞ ነፍቷል፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ሰው ሁሉ ጠጋ ብሏል፤ እሷ መሀል መንገዱን ይዛ እንደ ንግሥት ትሄዳለች። የማጠፊያዋ ሴት መጮኋን ያወቀችው በአፏ ነው። አፏ እንደዚያ ተከፍቶ አይታው አታውቅም። ዞረች፤ ጋሪው ተረከዟ ላይ ቆሟል፣ ተራራው ተንዶ በላይዋ ወረደ፣ የማታውቀው ሰው የተኛበት አንሶላ ፊቷን ሸፈናት። ጨርቁን ከፊቷ ስትገፍፍ ነጂው ቁጭ ብሏል፣ ማስቲካው ከአፉ ወድቋል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። እሷን ድንጋጤው የያዛት አሁን ነው፣ እዚህ አልጋ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። አለቃው መጣ። ምን ሆነሽ ነው? ሐሳቤ ሄዶ ነው አለች። ሐሳቤ ሄዶ ነው! የሄደው ጆሮዬ ነው ለማለት ምላሷ ተሳሰረ፣ ሐሳብ ግን ሲሄድ አያሳፍርም። እሱም ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጣቱን ወደ ሰዓቱ ቀሰረ። ቢሮ ነይ።

ተነስታ ውኃ ጠጣች። መልሳ ተኛች። እናቷ ደግማ አልደወለችም፤ እሷ አንዴ ደውላ ካልተነሳላት ክብሯን ትጠብቃለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ደግሞ የምትደውለው ለነገሩ ያህል ነው፣ ልጅሽ እንዴት ናት ብለው ሲጠይቋት ደውዬ ነበር ለማለት። ከዚያች ቀን ወዲህ። የዚያችን ቀን ነገር ሳታስበው ብትውል ምናለ፣ ግን አልጋው ሁልጊዜ ወደዚያች ቀን ነው የሚያንሸራትታት። እናቷ ደወለች፤ ድምጿ ሁልጊዜም ቀጭን ነው፣ እንደ ክር፣ ከድምፅ ሁሉ ቀድሞ ያመለጣትም ይኸው የእናቷ ድምፅ ነው፤ የወፍራም ሰው ድምፅ፣ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማታል፣ የእናቷ አይሰማትም። ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይሄ? እናቷ አንድ ነገር ተናገረች፣ ረዘም አድርጋ፣ እሷ በመሀል የያዘችው የአጥር ማዶዋን እትዬን ስም ነው። የአጥር ማዶዋ እትዬ፣ እናታቸው ገበያ ስትውል እሷንና ወንድሟን አብልታ የምታሳድር፣ ጡት አላጠባችም እንጂ እናት ናት። የአጥር ማዶዋን የእትዬን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ተልኮ እንደነበር ታውቅ ነበር። ስለዚህ እንዲህ አለች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ደስታ አስመስላ፣ እየሳቀች፣ «እሰይ! እሰይ እንኳን ደስ አላችሁ! ኧረ እልል በሉልኝ!» በወዲያኛው በኩል ዝም ተባለ። ያን ዝምታ ግን ሰማችው፤ ዝምታን ለመስማት ጆሮ አያስፈልግም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ሲመሽ ወንድሟ መልእክት ጻፈላት፤ እትዬ ሞታ እኮ ነው። ምን ነካሽ?

ምን ነካኝ። መልስ ጽፋ ሰረዘች፣ ጽፋ ሰረዘች። ኔትወርክ ነው አለች በመጨረሻ። ኔትወርክ ነው ብላ ዋሸች፣ እናቷም ኔትወርክ የሚባለውን አታውቀውም፣ የምታውቀው ልጇ እትዬ ስትሞት እልል በሉልኝ ማለቷን ነው። ለቅሶም አልደረሰች፣ አላለቀሰችምም። እንዴት ታለቅሳለች፤ መርዶ ሳትሰማ ለቅሶ ከየት ይመጣል? በጽሑፍ የመጣ ሞት ሆድ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ዓይን ጋ አይደርስም።

ስልኩ ደግሞ ነዘረ። ተስፈንጥራ አነሳችው፤ ወንድሟ ነው፣ በምስል ነው። መቀስ። ሰፈሩ ሁሉ መቀስ ነው የሚለው፤ ሕፃን ሳለ የያዘው በሽታ ሁለት እግሩን አልፈስፍሶት በሁለት ክራንች ነው የሚሄደው፣ ሲሄድ ከሩቅ የሚከፈትና የሚዘጋ መቀስ ይመስላል፣ ልጆች አወጡለት። ሌላው ቢሆን ይጣላ ነበር። እሱ አድጎ ልብስ ሰፊ ሲሆን የሱቁ በር ላይ በትልቁ አጻፈው፤ መቀስ ልብስ ስፌት። ስም ያወጡልኝ ሳያስከፍሉኝ ነው ይላል። ይቺ ሴት ያን ልጅ በጀርባዋ ተሸክማ ነው ትምህርት ቤት ያመላለሰችው። ሰው ያወድሳታል፣ እህት አይደለችም እናት ናት ይላል፣ እሷም ውዳሴውን ትወደዋለች፣ ሳትዋሽ፣ ትወደው ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ አውርጂኝ አላት። ምን ሆነህ አለችው። አውርጂኝ ብቻ። ወረደ። ክራንቹን ይዞ አቧራው ውስጥ ሄደ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ አረፈደ፣ በማርፈዱም ተገረፈ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጀርባዋ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እሷ ደግሞ ለስንት ጊዜ አኮረፈችው። ሸክም የቀለለለት ሰው ያኮርፋል? አኮረፈች።

አምና ደግሞ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ታደሰ፣ በሩ ላይ የሚያብረቀርቅ ደረጃ ተሠራለት። መቀስ ከደረጃው ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ተራዬ ሲደርስ ጥሩኝ፣ እታች ነኝ አላቸው። ዘበኛውና አንድ ጎልማሳ እንሸከምህ አሉት፤ አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጠብቃለሁ። ነርሷ መድኃኒቱን ይዛ ወረደች። በሚቀጥለው ቀጠሮም ወረደች። በሚቀጥለውም። እናታቸው አፈረች፤ ሰው ፊት ምን ያስገትርሃል፣ ሲሸከሙህ እሺ አትልም፣ እህትህ ትምከርህ ብላ ደወለች። እሷም መከረችው፣ ያኔ በቀኙ ጆሮ ጥሩ ትሰማለች፤ «ወንድምዬ፣ ምናለበት ቢይዙህ? ለአፍታ እኮ ነው።» እሱ ሳቀ። «እታለም፣ ተሸክመሽኝ የለ? ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቀው እኮ ተሸካሚው ነው።» ስልኩን የዘጋችው ተናዳ ነው። ነርሷ ግን መውጣት መውረዱ ሲሰለቻት ራሷ ኃላፊው ቢሮ ገብታ ጮኸች፣ ግንበኛው ጎረቤታቸው ሲሚንቶ ካመጣችሁ ጉልበቱ በእኔ አለ፣ ከደረጃው ጎን ዝቅ ያለ መውጫ ተሠራ። መቀስ እንደሚለው እስከ ዛሬ እሱ ተራ አይደርሰውም፤ ነፍሰ ጡሩ በዚያ፣ ሽማግሌው በዚያ፣ ሕፃን ያቀፈው በዚያ፣ ዘበኛውም ጉልበቴን አመመኝ ብሎ በዚያ ነው የሚወጣው።

አሁን በስልኩ መስታወት ላይ ይታያታል። ሱቁ ውስጥ ነው፣ የስፌት ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል። እሷ ራሷን ነቀነቀች። «አዎ። አዎ፣ ደህና ነኝ።» እሱ መናገሩን አቆመ። ትኩር ብሎ አያት። ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለ፣ ጥቁር የሱሪ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ልብስ የሚያሰምርበትን ጠመኔ አንስቶ መጻፍ ጀመረ፤ የእጁን መንቀሳቀስ ብቻ ነው የምታየው። ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጁ ይዞ ደረቱ ላይ ዘረጋላት። ነጭ በጥቁር። የጠየቅሁሽ ምሳ በላሽ ወይ ብዬ አይደለም። ትሰሚያለሽ?

ወይ ጉድ። ልትዋሽ አፏን ከፈተች፣ ውሸቱ አልወጣም። አልጋው ላይ ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ ተንጨፍርሯል፣ ፀሐይዋ እግሯ ላይ ናት፤ ለአንድ ሰው እንኳ ነግራው አታውቅም፣ ለሐኪም እንኳ፣ ለራሷም ቢሆን ቃሉን አውጥታ። «አልሰማም» አለች። ድምጿ ስንት ከፍታ እንዳለው አታውቅም። «ወንድምዬ፣ አልሰማም። ግራው የለም። ቀኙም ሊሄድ ነው። እማን አልሰማትም። እትዬ መሞቷን አልሰማሁም።» ከዚያ በኋላ ንግግሯ ተዘርግፎ ወጣ፤ ጋሪው፣ አንሶላው፣ ንግሥትነቱ፣ አለቃው፣ ቢሮው። እሱ አዳመጠ፤ እሱ ይሰማል፣ የተዘጋው ከእሱ ወደ እሷ ያለው መንገድ ብቻ ነው። ስትጨርስ ጨርቁን አራግፎ ደገመ። ንገሪያቸው።

«ያባርሩኛል።»

ጻፈ። ንግሥት ሆነሽ ከምትባረሪ ደንቆሮ ሆነሽ ተባረሪ።

ሳቀች፣ አለቀሰችም። «ደንቆሮ አትበለኝ፣ መስማት የተሳናት በል።»

ጠመኔው ጨርቁ ላይ ሮጠ። እሺ እመቤት። እኔን ግን መቀስ በይኝ። ቀጥሎ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ ፊደሎቹን አተለቀ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ይቅርታ አትጠይቂያቸው፣ ምን እንደሚያስፈልግሽ ንገሪያቸው። ሱሪው የደንበኛ ነው፣ ሊመጣ ነው፣ ልቦርሸው።

ምን እንደሚያስፈልግሽ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ይቺ ቃል ከአልጋ አስነሳቻት፣ ክፍሏ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር ከበር ወደ መስኮት አመላለሰቻት። ይቅርታ መጠየቅ ታውቅበታለች፣ በሁለት ቋንቋ ታውቅበታለች። የሚያስፈልገኝ ይሄ ነው ማለት ግን፣ ማን አስተምሯት? ሲሰጧት አመስግና፣ ሲነሷት ዝም ብላ ነው እስከዚህ የደረሰችው። ምንድን ነው የሚያስፈልገኝ? ጋሪው ድምፅ ብቻ ሳይሆን መብራት ቢኖረው። ማድረቂያው ሲጨርስ ከሚጮህ ቢበራ። ከኋላዬ ባይጠሩኝ። ይሄው ነው? ይሄንን ለመናገር ነው ይሄ ሁሉ ዓመት የፈራሁት? ሻወር ወሰደች። ሸሚዟን ተኮሰች። ዓይኗን አንዴ እንኳ ሳትከድን መሸ።

ቢሮው ከማሽኖቹ በላይ ነው፣ በመስታወት የታጠረ። አለቃው ቆሟል፣ የሠራተኞች ጉዳይ ሴትዮዋ ተቀምጣለች፤ መነጽሯ ወደ አፍንጫዋ ጫፍ የወረደ፣ ደክሟት ቀኑን የጨረሰች ሴት። አለቃው ወደ መስታወቱ ዞሮ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ነው መናገር የጀመረው። እሷ ትቆማለች፣ ጀርባውን ታያለች፣ አዎ የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች፣ አዎ ብትል ያልቃል፣ ፈርማም ትወጣለች። «ይቅርታ» አለች በተሰባበረው ቋንቋቸው። «ወደ እኔ ዞረህ ተናገር። አልሰማም።» ዞረ። «ቋንቋው ከከበደሽ አስተርጓሚ...» «ቋንቋው አይደለም። ጆሮዬ ነው። ከፊቴ ሆናችሁ ስታናግሩኝ ግማሹን በጆሮ፣ ግማሹን በዓይን እይዘዋለሁ። ከኋላዬ ከሆነ ምንም የለም።» ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች።

አለቃው የተናደደው መጀመሪያ ላይ ነው። ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም፣ ብትሞቺስ ማን ይጠየቅ ነበር? አለ፣ አሁን ፊት ለፊቷ ሆኖ ስለሆነ ሁሉንም ያዘችው፤ ቁጣው ውስጥ ድንጋጤ እንዳለም አየች። ቀጥሎ ረገብ ብሎ ሐሳብ አመጣ። ምድር ቤት አንድ ክፍል አለ፣ ፎጣ የሚታጠፍበት፣ ጋሪ አይደርስበትም፣ ማሽንም የለበት፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ደመወዝሽ አይነካም፣ ብቻሽን ትሠሪያለሽ፣ ማንም አይነካሽም። ፊቱ ላይ ደግነት ነበር። እውነተኛ ደግነት፤ እሷ ታውቀዋለች፣ የራሷን የድሮ ፊት ነው የምታየው፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ የምታበራውን ፊት። እሺ በይ አላት ሆዷ። ጸጥ ያለ ክፍል። ጥሩምባ የለ፣ ንግሥት የሚል የለ። ከዚያስ? ከዚያማ ከፎጣ ጋር ማርጀት ነው፣ ሰው ፊት ሳታይ። ጆሮዋ ሲሄድ የቀራት የሰው ፊት ነው፤ እሱንም በደግነት ሊወስዱባት።

«አመሰግናለሁ፣ አልወርድም» አለች። ድምጿ ወጥቷል፤ ምናልባትም በጣም ወጥቷል፣ ከታች የነበሩት ቀና ብለው ሲያዩ በመስታወቱ ታይተዋታል። «እኔን ከምታወርዱኝ ጋሪው ላይ መብራት ስቀሉ። ማድረቂያው ላይም። ሥራውን እችላለሁ፣ ስሠራ አይተኸኛል። ሰው ሲፈልገኝ ትከሻዬን ይንካኝ፣ ወይም ከፊቴ ይምጣ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።» አለቃው ወደ ሴትዮዋ አየ፣ ሴትዮዋ ወደ ታች ወደ ማሽኖቹ አየች፣ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ታንከባልላለች። «ጆሮዋን የበላው የእኛ ማሽን ከሆነ» አለች ቀስ ብላ ለአለቃው፣ ሰውየው እንዲሰማ ያህል፣ ከንፈሯ ግን ግልጽ ነበር፣ «ምድር ቤት ስላስቀመጥናት ጥፋቱ አይጠፋም።» ከዚያ ወደ እሷ ዞራ፣ ቃላቱን ለየብቻ እያስቀመጠች፣ «ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ፤ እኛ ነን የምንልክሽ። እስከዚያ እዚያው ሥራሽ ላይ ሆነሽ እንሞክረው። ቃል አልገባልሽም። እንሞክረው» አለቻት።

ቃል አልገባልሽም። ከደረጃው ስትወርድ አሸነፈች ወይስ ጊዜ ገዛች አታውቅም። ከታች ጋሪ ነጂው ቆሟል። ማንም ምንም ሳያዘው የብስክሌት መብራት ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ጋሪው ፊት ላይ በጥቁር ፕላስተር አስሮታል፤ ቀይ ነው፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ትንሽ ተንጋዷል። ሰውየው ቢሮ ምን እንደተባለ አያውቅም፣ ጥሩምባውን እንዳልሰማች ግን በዚያ ሌሊት ዓይኗን አይቶ ገብቶት ኖሯል። ፊት ለፊቷ መጥቶ ማስቲካውን ከአፉ አወጣ፣ በቀስታ፣ ሰፋ አድርጎ፣ «ይታይሻል?» አላት። ይታየኛል አለች። የማጠፊያዋ ሴት ዞራ መጥታ ትከሻዋን ነካች፤ ንግሥት አላለቻትም፣ ስሟን ጠራቻት፣ አበላሽታ ጠራችው እንጂ ስሟን ነው። ሁሉም ግን እንደዚያ አልሆነም። አንዱ ማታውኑ ከኋላዋ እጁን ሲያጨበጭብ ሌሎች ሳቁ፣ መሳቃቸውን ዞራ አየች፤ አለቃውም ረስቶ ሁለቴ ጀርባውን ሰጥቶ አናገራት፣ ሁለቴም ዞራ ፊቱ ቆመች። ደከማት። ይሄ በየቀኑ ነው? በየቀኑ ነው፤ መቀስ ደረጃ ሥር የተቀመጠው አንድ ቀን ብቻ መስሏት ነበር እንዴ?

ሻይ ሲጠጡ፣ የቢሮው ወሬ ቤቱን ሁሉ አዳርሶ ነበርና፣ ልብስ ተኳሹ ሽማግሌ አጠገቧ ቁጭ አለ። በልቧ ተኳሹ ነው የምትለው፣ ሰው ገድሎ የማያውቅ ተኳሽ፤ ዕድሜውን ሁሉ በእንፋሎት ውስጥ ቆሞ የኖረ፣ ከሰው ጋር የማያወራ፣ ኮስታራ የሚሉት ሰውዬ። ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጣቱን ወደ ራሱ ጆሮ አነሳ፣ አይሰማም በሚል ራሱን ነቀነቀ። «ሐኪሙ የት ነው የሚልኩሽ?» አላት። ሁለቱም ተያዩ። እሷ ሳቋ መጣ፣ እሱም አፉን ከፍቶ ሳቀ፣ ጥርሱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፣ ድምጹ ለሁለቱም አልተሰማቸውም መሰል፣ ሻይ ቤቱ ሙሉ ዞሮ አያቸው።

ሲነጋ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ፍርሃቱ ሳይቀድማት እናቷ ጋ ደወለች፤ በምስል። መቀስ ነው ያነሳው፣ እናቱ ቤት ጎራ ብሎ ነበር። ስልኩን ለእናታቸው ሰጣት። እናቷ ስልክ አያያዝ አታውቅም፤ መጀመሪያ ጣሪያው ታየ፣ ቀጥሎ ሻሿ፣ ቀጥሎ አንድ ዓይንና ግማሽ ግንባር። «እማ፣ ዝቅ አድርጊው። አፍሽን አሳይኝ።» የመቀስ እጅ ከጎን መጥቶ ስልኩን አስተካከለ። የእናቷ ፊት መጣ። አርጅታለች። ከስታለች፣ ከንፈሯ ተሰብስቧል፣ ዓይኗ ደግሞ ቂሙን አልለቀቀም፣ ወዲያ ወዲያ ያያል።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ እሰይ ያልኩት ስላልሰማሁሽ ነው። ጆሮዬ ሄዷል። ድምፅሽን አልሰማውም፣ ካላየሁሽ አልሰማሽም። ኔትወርክ አይደለም፣ ዋሽቼ ነው። ኩራትም አይደለም።»

እናቷ ወደ ልጇ ወደ መቀስ ዞራ አንድ ነገር ጠየቀችው፣ እሱ ራሱን ነቀነቀ። ወደ መስታወቱ ተመለሰች፤ ፊቷን አቀረበች፣ በጣም አቀረበች፣ ፊቷ መስታወቱን ሞላው፣ ልጇን በዓይኗ ልትዳብስ የፈለገች ይመስል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። በጣም በዝግታ። አንድ ቃል፣ ማረፊያ፣ አንድ ቃል።

«እትዬ። ሞተች። ልጄ።»

አየችው። ሰማችው። ከዚያ በላይ ራሷን መያዝ አልቻለችም፤ ካፖርቷን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እትዬን አለቀሰቻት፣ ከወራት በኋላ፣ እንደ ዛሬ መርዶ፣ በሙሉ ድምጿ፣ የማንም ጎረቤት ቢሰማ ይስማ ብላ። እናቷም ወዲያ ማዶ ሆና ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ልጇ እንድታያት አፏን ገልጣ አለቀሰች።